ቀኑን የምትናገረው ኦክቡን

ኦክቡን ዛጎል ስትፈለቅቅ እጇን አታይም። ግራ እጇ ዛጎሉን ይይዛል። ቀኝ እጇ ጫፉ እንደ ዶሮ አፍ የተቆለመመ ትንሽ ብረት ይዞ ከጎኑ አንድ ጊዜ ወጋ ያደርገዋል። ክዳኑ ይላቀቃል፣ ነጩ ሥጋ ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ጠብ ይላል፣ ባዶው ቅርፊት ከኋላዋ ወዳለው ክምር ይወረወራል። አንዱን ወርውራ ሳትጨርስ ሌላው ዛጎል እጇ ገብቷል። ከጎኗ የተቀመጡት ሴቶች በላስቲክ ዳሱ መካከል በቆመው ምድጃ እግራቸውን እያሞቁ ስለ ምራት፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሰው ሰርግ ያወራሉ። እሷም ታወራለች። ነገር ግን ላስተዋላት ሰው፣ ዳሱ በር ላይ አንድ እንግዳ ብቅ ባለ ቁጥር እጇ ቆም ይላል። ቀና ብላ ሰውየውን በደንብ ታየዋለች። ከዚያ በኋላ ነው የምትናገረው።

«ማክሰኞ ና። ምሳ ላይ። የባሕር ቅጠል ሾርባ እሠራለሁ» ትላለች።

ወይም ደግሞ ምንም አትልም። ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳውና ወደ ዛጎሏ ትመለሳለች።

ሴቶቹ ይስቁባታል። በጋልሜ መንደር ኦክቡንን ሰላም ያለ ሰው ቀን ተቆርጦለት ነው የሚሄደው ይባላል። የባሏ ታናሽ እህት ማልሱን ደግሞ፣ «እትዬን እንደምን አደርሽ አትበሏት፣ ሐሙስ ቁርስ ላይ ትጠራችኋለች» እያለች ታስቃቸዋለች። ኦክቡንም አብራ ትስቃለች። እንዲህ የሆነችበትን ምክንያት ግን ከማልሱን የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገሩ ውስጥ ሳትጠየቅ ገብታበታለችና።

በእኛ አገር ሰው ሲገናኝ «በልተሃል?» ይባባላል፤ ሲለያይ ደግሞ «አንድ ቀን አብረን እንብላ» ይባባላል። ይህን ሰምቶ ልብሱን ለብሶ የሚመጣ ሰው የለም። ደህና ሁን ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ኦክቡንም ለዓመታት ለፖስታ አመላላሹም፣ ለዓሣ ገዢውም፣ ከተማ ለገባችው የአክስቷ ልጅም፣ «አንድ ቀን ቤቴ ኑና ሩዝ እንብላ» ስትል ኖራለች። አፏ ለስላሳ ነው። በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የባሰ ለሰለሰ።

እሷ ራሷ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በለስላሳ አፍ አልነበረም። ሃያ ዓመቷ ላይ ከተራራው አገር ለጋልሜ ሰው ተዳረች። ባሏን ባሕር ሲወስደው ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ልጆች በእጇ ቀሩ። ለቅሶ ላይ የመጣው ሰው ሁሉ «እንመለሳለን፣ አይዞሽ» ብሏት ሄደ። ከመጡት መካከል ግዊሱን የምትባል፣ ከቤት ቤት እየዞረች ወንጌል የምታስተምር አንዲት አሮጊት ነበረች። እሷ አይዞሽም አላለች። «ሐሙስ እመጣለሁ» ብቻ ብላ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት በረዶው እስከ ጉልበት ደረሰ። አውቶቡስ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ኦክቡን በሩን ስትከፍት ግዊሱን በባሕሩ ግድብ ላይ በእግሯ መጥታ ቅንድቧ በበረዶ ነጥቶ ቆማለች።

«ሐሙስ ነው አይደል?» አለቻት።

ኦክቡን ያን ጊዜ ስለ ኢየሱስ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሐሙስ ብላ ሐሙስ የምትመጣ ሴት እንዳለችው ግን አወቀች። በሚቀጥለው እሑድ ልጆቿን ይዛ ሄደች። ፊደል የቆጠረችውም እዚያው ነው፣ አርባ ስምንት ዓመቷ ላይ፣ ከፓስተሩ ሚስት። ግዊሱን ካረፈች ዘመን አለፈ። ኦክቡንም ቀስ በቀስ ሐሙስ ማለቱን ትታ እንደ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ማለቱን ለመደችው። አልታወቃትም።

ነገሩ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የመንደሩ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ቤ ጊልሱ፣ የባሕር ቅጠል በሚሰበስብበት ጀልባው ላይ ከቲሞር የመጣ ሠራተኛ ቀጥሮ ነበር። ሰውየው አኒሴቶ ይባላል። አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ገመድ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ማታ ሴቶቹ ዳስ ፊት ለፊት የሚያልፍ ዝምተኛ ሰው። ቋንቋችንን የሚናገረው እንደ ሕፃን እየቆራረጠ ነው። ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ እጅ ይነሳል። ኦክቡንም እጇን ከዛጎሉ ሳታነሳ፣

«አኒሴቶ፣ ብርድ ነው አይደል? አንድ ቀን ቤቴ ናና ሩዝ እንብላ» ትለዋለች።

«እሺ፣ እማማ» ይላል።

ያን የብርድ ወራት ሃያ ጊዜ ሳትለው አልቀረችም። ሃያ ጊዜም እሺ ብሏታል። እሱ አገር አሮጊት እናት ለምግብ ስትጠራ ሸሚዝ ይተኮሳል እንጂ እንደ ደህና ሁን አይቆጠርም። ሰውየው የሚጠብቀው የዕረፍት ቀን ብቻ ነበር።

የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ እሑድ፣ ባሕሩ ተቆጣና ጀልባ ሁሉ ታስሮ ዋለ። የዚያን ዕለት ፓስተሩ ስለ አንደበት አስተማረ። አዎን ያላችሁት አዎን ይሁን፣ አይደለም ያላችሁትም አይደለም ይሁን፣ ያለውን የጌታችንን ቃል ደጋግሞ አነበበ። ኦክቡን አሜን አለች። ከዚያ እንደ እሑድ ልማዳችን ምሳ በቤተ ክርስቲያን ተበላ፤ እሷም የስልሳ ሰው ሳህን አጥባ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጫማዋን አውልቃ ገና አንድ እግሯን ወደ ውስጥ ስታስገባ፣ በግቢው በር አኒሴቶ ቆሟል። ነጭ ሸሚዙ ተተኩሶ እጥፋቱ ይታያል። ጸጉሩን በውሃ አበጥሮታል። አንድ ከረጢት መንደሪን በሁለት እጁ ይዟል።

«እማማ፣ መጣሁ» አለ። «ዛሬ ጀልባ የለም። ሩዝ እንብላ።»

የኦክቡን ድስት ባዶ ነበር። ከሥሩ እሳት የሚነድለት ወለልም አልሞቀም። በበርበሬ የኮመጠጠው ጎመን፣ የኪምቺው ማሰሮ፣ ሥሩ ላይ ደርሷል። ወገቧ ደግሞ ከሳህን እጥበቱ ተቆርጦ ነበር። «ግባ፣ ሩዝ እስካጥብ አረፍ በል» ብትለው በቂ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ውይ አኒሴቶ፣ ዛሬ እኮ የባሌ እህት ታማ ሆስፒታል ገብታብኛለች። ልጠይቃት እየወጣሁ ነው» አለችው።

የሰውየው ፊት ከልቡ አዘነ።

«በጣም አመማቸው?»

«በጣም።»

«ብቻዎን አይሂዱ። አውቶቡሱ ድረስ እኔ እሄዳለሁ።»

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አደረገች። መጽሐፍ ቅዱሷን የያዘውን ቦርሳ እሱ ተሸከመላት። ፌርማታው ላይ ሲደርሱ ይሄዳል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ እሱ ግን ነፋሱን በጀርባው እየከለከለላት ቆመ። አውቶቡሱ መጣ። መንደሪኑን በሁለት እጁ ሰጣት።

«ለታመሙት» አለ።

ተሳፈረች። አለመሳፈር አትችልም። መስኮቱ ሥር ቆሞ እጅ እየነሳ ሸኛት።

በሚቀጥለው መንደር ወረደችና በባሕሩ ግድብ ላይ ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። መንደሪን እንደዚያ የሚከብድ አይመስላትም ነበር። የምትሄድበት መንገድ ያኔ ግዊሱን በበረዶ የመጣችበት መንገድ ነው። ይህን ያሰበችው ግድቡ መሃል ላይ ስትደርስ ነው፤ ካሰበችው በኋላም እግሯ አልፈጥን አላት።

ማምሻውን ማልሱን ጨው ልትበደር መጣች። ደረቷ ሰፊ፣ ጉንጯ ቀይ፣ በሕይወቷ አልጋ ላይ የዋለችበትን ቀን የማታስታውስ ሴት ናት። ገበታው ላይ ያለውን ከረጢት አየችና እጇን ሰደደች።

«ተይ፣ አትንኪ» አለች ኦክቡን። «ያንቺ ነው።»

«የእኔ ከሆነ ለምን አልነካም?»

ኦክቡን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ማልሱን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ምን አመማት አልሽው?»

«አልጠየቀኝም።»

«እንግዲያው ደህና በሽታ ምረጪልኝ እንጂ፣ በቁንጣን እንዳልሞት» አለችና የኦክቡንን ፊት አይታ ሳቋን ተወች። «እትዬ፣ ተይው በቃ። ሰላምታ ነው። አገሩ በሙሉ ይለዋል።»

«አገሩ በሙሉ ይለዋል፣ ማንም አይሰማውም። እሱ ግን ሰማኝ። በአፌ ያልኩትን እንዳልኩት የሰማኝ ሰው በዚህ መንደር እሱ ብቻ ነው፤ እሱን ዋሸሁት።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኦክቡን ውሸት ግን እያደር ከበዳት። መንደሪኑን አትበላው፤ የእሷ አይደለም። አትጥለው፤ የሰው ልብ ነው። ገበታው ላይ ቁጭ ብሎ ቆዳው መሸብሸብ ጀመረ። ሐሙስ ጠዋት፣ እሑድ ና ብላ ቀን ቆርጣ ልትጠራው ወደ ጊልሱ ግቢ ሄደች።

ጊልሱን መረብ ሲጠግን አገኘችው።

«አኒሴቶን ነው? ማክሰኞ ሄደ እኮ እትዬ። የእኛ ባሕር ላይ ቅጠሉ ዘንድሮ ቶሎ አለቀ። ዋንዶ ወደብ ያለው የአጎቴ ልጅ ጀልባ ላይ አስገባሁት። ፈቃዱም በዚህ ወር መጨረሻ ነው የሚያበቃው። ከዚያ ወዲያ አገሩ ይገባል፣ አይመለስም።»

ደውልልኝ አለችው። ደወለላት። ከወዲያ በኩል የሞተር ድምፅ ይጮሃል፤ በዚያ ውስጥ የአኒሴቶ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ እህትዎ ተሻላቸው?»

ኦክቡን አፏን ከፈተች። ተሽሏታል ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ማንም ባልተጎዳ። እሷ ግን ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እሱን ስመጣ እነግርሃለሁ። ጀልባ የማይወጣው መቼ ነው?»

«ወሩ ሃያ ሲሆን፣ እማማ። ውሃው በጣም ይሮጣል። ጀልባ አይሄድም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን፣ አውሮፕላን።»

«በሃያ እመጣለሁ። ምሳ ይዤ። እንዳትበላ።»

«እሺ፣ እማማ» አለ። ሃያ ጊዜ እንዳለው ሁሉ።

ስልኩን ስትመልስለት ጊልሱ መረቡን ትቶ ያያታል።

«እትዬ፣ ሃያ እኮ የጭቃው ቀን ነው።»

ረስታው ነበር። የማትረሳውን ረስታው ነበር። በዓመት አንድ ቀን ባሕሩ ከሁሉ ጊዜ አርቆ ይሸሽና ያ ሁሉ ጭቃ ይገለጣል፤ መንደሩ በሳንቃ እየተንሸራተተ ገብቶ ከጭቃው ውስጥ ቀዩን ዛጎል ይለቅማል። ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል። አንዱ ለሌላው መውጣት አይችልም፤ ያልወጣ ቤት ድርሻ የለውም። ይህ ሕግ ሠላሳው ቤት አንድ ላይ ቃል የገባበት ነው። ልጆቿን ድራ ብቻዋን ለቀረች ባልቴት የዚያ ቀን ለቀማ የዓመት ጉርስ ማለት ነው። ጭቃውን የሚገልጠው ውሃ ጀልባዎቹን የሚያሳርፈውም ውሃ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ቀኖች ምንጊዜም አንድ ናቸው። አኒሴቶ ሌላ ቀን የለውም። ጭቃውም ሌላ ቀን የለውም።

ጊልሱ ክፉ ሰው አይደለም። ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሂዱ። ዳር ላይ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ስምዎ ላይ ስደርስ አለች ብዬ አልፋለሁ። ጭቃ የተቀባ ሰው ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው፣ ማን ያያል?»

«አንተ ልጅ፣ አንድ ውሸት ላነሳ ሄጄ ሌላ ላንተ ላሸክምህ?»

«ውሸት አይበሉት እንጂ። ውለታ ነው።»

«ለእኔ ውለታ፣ ለሠላሳው ቤት ውሸት» አለችው። «ስሜን ጥራ። ከሌለሁ የለችም በል።»

ማልሱን ይህን ስትሰማ በዚህኛው አልሳቀችም። እስከ ኦክቡን ጓሮ ድረስ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ለአንድ ሳህን ሩዝ የዓመት ጭቃ ይተዋል? ጣሪያሽ እንደሚያፈስ እኔ አላውቅም? ሰውየው አገሩ ሲገባ ይረሳሻል።»

«ይርሳኝ።»

«እንግዲያው እኔው ሆስፒታል ገብቼ እተኛልሻለሁ። ያን ጊዜ ያልሽው እውነት ይሆናል፣ አንቺም ጭቃሽ ላይ ትወርጃለሽ።»

ኦክቡን የማልሱንን ቀይ ጉንጭ አይታ ሳቋ አመለጣት። «ሐኪሙ አንቺን አይቶ ራሱ ነው የሚተኛው» አለቻት። ማልሱን ግን እየተበሳጨች ሄደች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ኦክቡን ስታጥብም ስትፈለቅቅም ታስብ ነበር። ጣሪያውን ታስባለች፣ የጉልበቷን መድኃኒት ታስባለች። ጸለየችም፤ አንዳንድ ጊዜ ጸሎቷ «ጌታ ሆይ፣ ቀኑን ለውጥልኝ» ከማለት አያልፍም ነበር። ቀኑ አልተለወጠም።

ወሩ በገባ በሃያ፣ በማለዳ፣ መንደሩ በሙሉ ሳንቃውን እየጎተተ ወደ ባሕሩ ወረደ። ኦክቡን ብቻዋን ወደ ፌርማታው ወጣች። በትልቅ ጨርቅ የተቋጠረ ጥቅል በራሷ ላይ አለ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የሩዝ ድስት፣ ሾርባ የሞላ ቴርሞስ፣ ከጎረቤት የለመነችው ኪምቺ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ በአኩሪ አተር ድልህ የታሸ ጎመን። ከሁሉ በላይ ያ የመንደሪን ከረጢት። ፌርማታው ላይ ሆና የመንደሩ ድምፅ ማጉያ ስም ሲጠራ ትሰማለች። ሰው ሁሉ አለሁ ይላል።

«ማ ኦክቡን» አለ የጊልሱ ድምፅ፣ ከነቤተሰብ ስሟ።

ጊልሱ ከሚገባው በላይ ቆየ። ነፋሱ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«የለችም» አለና ወደ ቀጣዩ ስም አለፈ።

ራሷ ያዘዘችው ቃል ነው፤ ስትሰማው ጥቅሉን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደረሰች። አኒሴቶ ፌርማታው ላይ ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ጥቅሉን ከራሷ ላይ አወረደላት። የሚገቡበት ቤት አልነበረም፤ እሱ የሚያድረው ከአምስት ሰው ጋር ነው። መረብ የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ሁለት የዓሣ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡ። እሱ የጥቅሉን ቋጠሮ ሊፈታ ሲል እጁን ያዘችው።

«መጀመሪያ የምነግርህ አለኝ። ሳልነግርህ አይበላም» አለች። «የባሌ እህት አልታመመችም። ታማም አታውቅ። የዚያን ዕለት ድስቴ ባዶ ነበር፤ አፈርኩና ዋሸሁህ። ቤቴ ና ስልህ የከረምኩትም… አፌ የለመደው ነገር ነበር እንጂ ቀን አስቤልህ አይደለም።»

አኒሴቶ እጁን ከቋጠሮው አነሳ። ቃሉን እየፈለገ ነበር።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ያን ቀን እኔም ወደ ጀልባ በግድቡ መንገድ ሄድኩ። ከሩቅ፣ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አየሁ። መረብ የሚሰጣበት እንጨት አለ አይደል? ከኋላው ሆንኩ። እስከሚያልፉ።»

«ለምን ተደበቅህ?»

«ካዩኝ ያፍራሉ ብዬ። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ከረጢቱን መጥቼ ልይዝልዎት ፈለግሁ። ግን ያፍራሉ ብዬ ተውኩ።»

ኦክቡን ፊቷን ወደ መረቡ አዞረች። እጇ መሐረብ ሲፈልግ ቆየ።

«አውቀህ ታዲያ ዛሬ ምሳህን ሳትበላ የጠበቅኸኝ ለምንድን ነው? ሳልመጣ ብቀርስ?»

«ዛሬማ ቀኑን ነገሩኝ» አለ አኒሴቶ።

ከዚያ ጥቅሉ ተፈታ። እሱ በአገሩ ልማድ አማተበ፤ እሷ በእኛ ልማድ እጇን አጣምራ ዓይኗን ጨፈነች። ሩዙ ገና ትኩስ ነበር። ሦስት ጎድጓዳ ሳህን በላ። እሷ ዓሣውን እሾሁን እያወጣች ሩዙ ላይ ታኖርለታለች፤ ሲበላ ታያለች። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ የሦስቱንም ስም አስጠንቶ ለቀቃት። መጨረሻ ላይ መንደሪኑ ወጣ። ግማሹ ተበላሽቷል። ደህና ደህናውን እየመረጡ ላጡት።

«ለታመመ ሰው ነበር የሰጠሁት» አለ አኒሴቶ እየሳቀ። «እርስዎ በሉት። እንግዲህ የታመሙት እርስዎ ነዎት።»

«ድኛለሁ» አለችው።

ወደ ጋልሜ ስትመለስ መሸትሸት ብሎ ነበር። በየቤቱ ደጃፍ ዛጎል ይታጠባል፣ ሰው ሁሉ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ነው። ጊልሱ ከሩቅ አይቷት ዓይኑን ሰበረ። ድርሻ አልተሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀች። የራሷ በር ላይ ማልሱን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ቀይ ዛጎል ቀቅላ ይዛ ተቀምጣለች።

«ሞኝ ነሽ» አለቻት። «ይሄ ድርሻ እንዳይመስልሽ። እራት ነው። ቀኑ ዛሬ፣ ሰዓቱ አሁን።»

ያ ዓመት ለኦክቡን ቀላል አልነበረም። ጣሪያው ሲያፈስ ከረመ፤ ከሥሩ ባልዲ ታስቀምጥ ነበር። በብርዱ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ እያሞቀች አሳለፈችው። ቆጭቶኛል ስትል የሰማት የለም። አልቆጨኝም ብላም አትመጻደቅም።

ያደረገችው ሌላ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ የሚያድለውን፣ የባሕሩን መምጫና መሸሻ የሚያሳየውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አወረደችና በዚያ ዘግይታ በተማረችው የተንጋደደ ፊደል፣ አንድ ቀን እንብላ ያለቻቸውን ሰዎች ስም ከየቀኑ ሥር መጻፍ ጀመረች። ያስታወሰቻቸው አርባ ሦስት ሆኑ። አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ሁለት ዓመት ፈጀባት። ፖስታ አመላላሹ ጠብ ያለ መስሎት ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ምን አጠፋሁ እያለ መጣ። ዓሣ ገዢው መቼ እንደጠራችው አላስታወሰም፤ ግን ሁለት ሳህን በላ። የአክስቷ ልጅ ስልኩ ላይ አለቀሰች። አንዲት ሴት ሞታ ቆየቻት፤ ኦክቡን የሟቿ ሴት ልጅ ቤት ሩዝ ተሸክማ ሄዳ፣ እዚያው ማድቤት ውስጥ ሠርታ፣ ለእናትሽ ነበር ብላ አበላቻት።

አሁን የማትችለውን አልችልም ትላለች። ይህ መጀመሪያ ላይ ሰው አስቀይሟል፤ አገራችን አልችልም የሚባልበት አገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እጸልይልሻለሁ» ማለት ሲቃጣት የሰውየዋን እጅ ትይዝና ዝናብም ቢሆን እዚያው ቆማ ትጸልያለች፤ ካልሆነም ዝም ትላለች። ግን የመንደሩ ሰው አንድ ነገር ሲያከራክረው፣ «ኦክቡን ምን አለች?» ብሎ ይጠይቃል። ጊልሱ ራሱ በጭቃው ቀን ስም ሲጠራ እሷ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ያያታል፤ «አለሁ» ስትለው ነው የሚቀጥለው።

ታሪኳ እንደሚጻፍ ሲነገራት ዳሱ ውስጥ ነበረች። ሥራዋን አላቋረጠችም። አራት አምስት ዛጎል ከፈለቀቀች በኋላ እጇ ቆም አለ።

«የሚያነበውን ሰው አንድ ነገር ለምኑልኝ» አለች። «አንድ ቀን እያለ ያቆየው ሰው ካለ፣ ይህን ወረቀት ያስቀምጥና ሄዶ ቀኑን ይንገረው። ድግስ አይጨነቅ። ሩዝ ማጠብ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።»